«በ7,000 ዶላር» የሚባለው ተረት

ፊልም መሥራት የሚያምረው ሰው በተቀመጠበት ጠረጴዛ ይህ ወሬ ሳይነሳ አይቀርም። አንዱ «ገንዘብ የለንም እኮ» ይላል። ሌላው ማኪያቶውን ገፋ ያደርግና «ሮበርት ሮድሪጌዝ ‹ኤል ማሪያቺ›ን በ7,000 ዶላር አይደል እንዴ የሠራው?» ይላል። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ስለ ገንዘብ የሚያነሳ ሰው ሰነፍ ይመስላል።

ከሦስት ዓመት በፊት ማኪያቶውን የገፋሁት እኔ ነበርኩ።

ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ኮድ እጽፋለሁ፤ ማታ ማታ ፊልም አያለሁ። የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ነው እንጂ ስለ ካሜራ ያስተማረኝ ሰው የለም። ቢሆንም ሁለት ጓደኞቼን አሳምኜ ሙሉ ፊልም ልንሠራ ተነሳን። ድርሰቱ የኔ ነው፤ አንድ ቤተሰብ የኮንዶሚኒየም ቤቱን ሊሸጥ በተዘጋጀበት ቀን የሚሆነውን የሚያሳይ። አንደኛው ጓደኛዬ ካሜራ ነበረው። ሌላኛው ለሠርግና ለማስታወቂያ ድምፅ እየቀዳ የሚተዳደር ነው፤ መቅጃውም ማይኩም የራሱ። 11 እሑድ ቀረጽን። ፊልሙ ግን ዛሬም ሃርድ ዲስክ ውስጥ ተኝቷል። ለምን እንደቀረ ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ።

ሰሞኑን፣ ያኔ እንደ ማስረጃ እጠቅሳቸው የነበሩትን ፊልሞች መልሼ አየኋቸው። ድሮ የማያቸው ለመበረታታት ነበር። አሁን ግን «ይሄ ነገር የእውነት ስንት ወጣበት? የከፈለውስ ማነው?» እያልኩ ነው ያየሁት። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ባግ ነው ወይስ ፊቸር?

መጀመሪያ ለሮድሪጌዝ ፍርድ እንስጥ፤ ታሪኩ ውሸት አይደለም። በ1991 ቴክሳስ ውስጥ የሚኖር የ23 ዓመት ወጣት ነበር። ከገንዘቡ ከፊሉን ያገኘው፣ መድኃኒት በሰው ላይ የሚሞከርበት ቦታ ለአንድ ወር ያህል ገብቶ፣ ሰውነቱን አከራይቶ ነው። ድርሰቱንም እዚያው ሆኖ ጻፈ። ከዚያ ከጓደኛው ከካርሎስ ጋያርዶ ጋር ድንበር ተሻግረው፣ ሲዩዳድ አኩኛ በምትባል የሜክሲኮ ከተማ በ14 ቀን ቀረጹት። ካሜራው የውሰት ነው። ካሜራ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ስላልነበራቸው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ እየተገፋ ቀረጸ። የተቀጠረ ሠራተኛ የሚባል የለም፤ በዚያ ሰዓት የማይተውነው ተዋናይ ዕቃ ይይዛል።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ሙዚቀኛ ጊታሩን በሳጥን ይዞ ሥራ ፍለጋ ከተማ ይገባል። በዚያው ቀን አንድ ነፍሰ ገዳይ መሣሪያውን በጊታር ሳጥን አድርጎ እዚያው ከተማ ይንቀሳቀሳል። ሰዎቹ ይምታቱባቸዋል። ልብ በሉ፣ ድርሰቱ የተጻፈው ያላቸውን ነገር ዘርዝረው ነው፤ ጊታር፣ ቡና ቤት፣ አውቶቡስ፣ ውሻ። የሌላቸውን ነገር አልጻፉም።

እኔን የገረመኝ ግን ድምፁ ነው። ካሜራው ሲሠራ ስለሚጮህ ድምፅን ከምስል ጋር አብሮ መቅዳት አልተቻለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቀረጻ እንዳለቀ ተዋናዮቹ ያንኑ ንግግር ለቴፕ መቅጃው ይደግሙታል። ኤዲት ሲደረግ ድምፁና ከንፈሩ ለትንሽ ጊዜ ይገጥማሉ፤ ከዚያ መንሸራተት ይጀምራሉ። በተንሸራተቱ ቁጥር ሮድሪጌዝ ይቆርጥና ወደ ሌላ ምስል ይሄዳል፤ ወደ ውሻው፣ ወደ ሰሚው ፊት፣ ወደ እጅ። ፊልሙ የሚታወቅበት ያ ትንፋሽ የማይሰጥ ፍጥነት በከፊል የመጣው ከዚህ ችግር ነው። እኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች «ይሄ ባግ አይደለም፣ ፊቸር ነው» ብለን እንቀልዳለን፤ ብዙ ጊዜ የምንለው ለመዋሸት ነው። ሮድሪጌዝ ግን እውነቱን ነው። ሸሽቶ የሚያመልጥ ሰው ታሪክ ስለሆነ፣ የሚቆራረጠው ምስል ለታሪኩ ሠራለት።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ያ 7,000 ዶላር በአብዛኛው ለፊልም ጥቅልና ለማጠቢያ የወጣ ነው። ፊልሙን ያሰቡትም ለስፓኒሽ የቪዲዮ ገበያ፣ እንደ ልምምድ ነበር። ኮሎምቢያ ፒክቸርስ ከገዛው በኋላ ለሲኒማ ቤት የሚሆን ቅጂ ለማዘጋጀት፣ ድምፁን እንደገና ለመሥራትና ለማስተዋወቅ ከ7,000ው ብዙ እጥፍ አወጣ። ዓለም ያየው ፊልም ያ ነው። «በ7,000 ዶላር» የሚለው ዓረፍተ ነገር እውነት የሆነውን ያህል ጎዶሎ ነው። ካሜራ ያዋሰው ሰው የለበትም፤ ሳይከፈላቸው የተወኑት የሉበትም፤ ከሰውነቱ ደም የተቀዳው የራሱ የዳይሬክተሩ ወርም በገንዘቡ ልክ ብቻ ነው የተቆጠረው።

ቅዳሜ ቅዳሜ

ሁለተኛው ማስረጃዬ የክሪስቶፈር ኖላን የመጀመሪያ ፊልም «ፎሎዊንግ» ነበር፤ የ1998 ሥራ ነው፣ ወደ 6,000 ዶላር ገደማ ወጣበት ይባላል። ይህን ፊልም የምወደው የደመወዝተኛ ፊልም ስለሆነ ነው። ሁሉም ሥራ ነበራቸው። ስለዚህ ለንደን ውስጥ፣ ለአንድ ዓመት ያህል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተገናኙ ቀረጹት። ጥቁርና ነጭ፣ 16 ሚሊሜትር፣ አብዛኛው ብርሃን ከመስኮት የሚገባ። ቦታው የጓደኛና የቤተሰብ ቤት።

ታሪኩን ለማያውቅ፦ ሥራ የሌለው አንድ ጸሐፊ ነኝ ባይ ወጣት መንገድ ላይ የማያውቃቸውን ሰዎች ይከተላል። አንድ ቀን ከተከተላቸው አንዱ ዞር ብሎ ያናግረዋል፤ ሌባ ነው። የሰው ቤት መግባትን፣ የሰውን ዕቃ እያገላበጡ ባለቤቱን ማወቅን ያስተምረዋል። እንግዲህ አስቡት፤ በሰው ቤት የተቀረጸ፣ የሰው ቤት ስለሚገቡ ሰዎች የሚናገር ፊልም። የተዋሱት ቤት እንደ ተዋሱት አይደበቅም፤ የታሪኩ ጉዳይ ራሱ ነው።

ጊዜውም እንደዚያው ነው። ታሪኩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይዘላል፤ የት እንደደረስን የምናውቀው በዋናው ገጸ ባሕርይ መልክ ነው። ጸጉሩ የተንጨባረረበት ጊዜ አለ፤ ተቆርጦ ሱፍ የለበሰበት አለ፤ ፊቱ የተደበደበበት አለ። በየሳምንቱ እየተቆራረጠ የተሠራ ፊልም፣ ተመልካቹን ቁርጥራጭ እንዲገጣጥም ይጋብዘዋል። ኖላን ይህን ያደረገው በበጀት ምክንያት ነው እያልኩ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ በብዙ ሚሊዮን ዶላርም ጊዜን መቆራረጡን አልተወም። እዚህ ግን ችግሩና ምርጫው አብረው ሄዱ።

እኔና ጓደኞቼ «ቅዳሜ ቅዳሜ» የሚለውን ወስደን «እሑድ እሑድ» አደረግነው። የተውነው ግን ዋናውን ነው። የኖላን ተዋናዮች እያንዳንዱን ትዕይንት እንደ ቴአትር ደጋግመው ተለማምደዋል፤ ምክንያቱም የፊልም ጥቅል ውድ ነው፣ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ነው መቅረጽ የሚቻለው። እኛ ደግሞ ሜሞሪ ካርድ አለን። ልምምድ ለምን? ካልሆነ ይደገማል! አንዱን የምሳ ትዕይንት 23 ጊዜ ቀርጸነዋል። አንዴ ጎረቤት ብረት ይበይዳል፣ አንዴ የታክሲ ረዳት ይጣራል፣ አንዴ ደግሞ ሁሉም ጸጥ ብሎ ተዋናዩ ቃሉን ይረሳል።

ያኔ ያልገባኝ ነገር ይሄ ነው። የፊልም ጥቅል ውድ በነበረበት ዘመን፣ ውድነቱ የሰውን ጊዜ ይጠብቅ ነበር። ዳይሬክተሩ ሳይዘጋጅ ቢመጣ ከኪሱ ይከፍላል። ዲጂታል ካሜራ ድግግሞሹን ነፃ ያደረገው መስሎን ነበር። ነፃ አላደረገውም፤ ከፋዩን ነው የቀየረው። ለ23ቱ ድግግሞሽ የከፈለው፣ ማይኩን በረጅም እንጨት ከራሱ በላይ ይዞ 23 ጊዜ የቆመው ጓደኛችን ነው።

ዘግይቶ የሚመጣ ዕዳ

በሥራችን «ቴክኒካል ዴት» የምንለው ነገር አለ። ዛሬ ለመቸኮል ብለህ የዘለልከው ሥራ ነገ ከነወለዱ ይጠይቅሃል። በፊልም ታሪክ ለዚህ ከቻርልስ በርኔት «ኪለር ኦፍ ሺፕ» የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

በርኔት በሎስ አንጀለሱ ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እያለ፣ ዋትስ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር፣ በአብዛኛው ቅዳሜና እሑድ፣ ከ10,000 ዶላር ባነሰ ገንዘብ የሠራው ፊልም ነው። የተጠናቀቀው በ1977 ነው። ስታን የሚባል አባወራ በግ ማረጃ ውስጥ ይሠራል፤ እንቅልፍ እምቢ ብሎታል። ሴራ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ልጆች ከጣራ ጣራ ይዘላሉ፣ ሰዎች በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ፣ ኑሮ ይቀጥላል።

አንድ ትዕይንት አለ፣ አይረሳኝም። ስታንና ጓደኛው ገንዘብ ከፍለው የመኪና ሞተር ይገዛሉ። ሁለቱ ተሸክመው ደረጃ ለደረጃ፣ እያረፉ፣ እያቃሰቱ ያወርዱታል። የጭነት መኪናው ጫፍ ላይ ያስቀምጡታል። ጓደኛው ጣቱ ተጎድቷልና ወደ ውስጥ ገፋ ማድረጉን «ይበቃል» ብሎ ይተወዋል። መኪናው ሲነሳ ሞተሩ ወርዶ ይሰበራል። ሁለቱ ወርደው ያዩታል፤ ከዚያ ትተውት ይሄዳሉ። ካሜራው ከመኪናው ላይ ሆኖ ሞተሩ እየራቀ፣ እያነሰ ሲሄድ ያሳየናል። ሲነዛነዝ የሚያለቅስ ሙዚቃ የለም። ድህነት ማለት፣ ድካምህ ሁሉ በአንድ «ይበቃል» የሚጠፋበት ኑሮ እንደሆነ ከዚህ በተሻለ ያሳየኝ የለም።

ይህ ፊልም ሲኒማ ቤት የገባው በ2007 ነው። ከ30 ዓመት በኋላ! ምክንያቱ ሙዚቃው ነው። በርኔት የሚወዳቸውን ዘፈኖች ፊልሙ ውስጥ አስገባ፤ ለትምህርት ቤት ሥራ ስለነበር ፈቃድ አልገዛም። ፈቃዱ በመጨረሻ ሲገዛ 150,000 ዶላር ወጣበት፤ ከፊልሙ ወጪ ከ15 እጥፍ በላይ። እንግዲህ ይህ ፊልም የስንት ዶላር ፊልም ነው? የ10,000 ነው ወይስ የ160,000? እኔ እንደሚመስለኝ፣ ትክክለኛው መልስ፦ የ10,000 ዶላርና የ30 ዓመት ፊልም ነው። ስታንና ሚስቱ በዳይና ዋሽንግተን ዘፈን እየተቃቀፉ የሚደንሱበትን ትዕይንት ያየ ሰው ዘፈኑ ይውጣ አይልም። ግን አንድ ትውልድ ሳያየው አለፈ።

ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰውዬ

በርኔት በተማረበት ዩኒቨርሲቲ፣ በዚያው ዘመን፣ ከጎንደር የሄደ አንድ ተማሪ ነበር፤ ኃይሌ ገሪማ። ሁለቱ ይተጋገዙ ነበር፤ በኃይሌ «ቡሽ ማማ» ላይ በርኔት ካሜራ ይዟል። ኃይሌ በ1974 ወደ አገር ቤት መጥቶ፣ ዘውዱ በወደቀበትና ደርግ ገና ሥር ባልሰደደበት በዚያ ጠባብ ክፍተት፣ በጥቁርና ነጭ 16 ሚሊሜትር «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ቀረጸ። ተዋናዮቹ በአብዛኛው ባለሙያ ያልሆኑ የገጠር ሰዎች ናቸው።

ገንዘብ የሌለው ፊልም መቸኮል አለበት የሚል እምነት ነበረኝ፤ «ኤል ማሪያቺ» ያስተማረኝ ያንን ነው። ይህ ፊልም ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ይረዝማል፤ አይቸኩልም። ቤተሰቡ ጎህ ሲቀድ ይነሳል፣ ወደ እርሻ ይሄዳል፣ ያርሳል፣ ይመለሳል፤ እኛም አብረን እንሄዳለን። ባለመሬቱ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ወንበሩን አድርጎ ጭሰኞቹን ቁልቁል እያየ ይሳደባል። መሬቱን የተነጠቀውና ሰው እንደ እብድ የሚያየው ከበበ እውነቱን እየጮኸ ይዞራል። ልጅቷ በሕልሟ ወላጆቿ እንደ በሬ ተጠምደው ሲታረስባቸው ታያለች። ለዚህ ትዕይንት የሚያስፈልገው አንድ ቀንበር፣ አንድ ጅራፍና ደፋር ሐሳብ ነው። ምንም ኮምፒውተር ከዚህ የበለጠ አያስደነግጠኝም።

ስለዚህ ፊልም ሲወራ የበጀቱ ቁጥር አይነሳም። የሚነሳው የሚለው ነገር ነው፤ ምርቱን ያፈራው ማን ነው፣ የሚወስደውስ?

ሰሞኑን ስመለከተው እዚህ ጋ ቆምኩ። ባለመሬቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያዝዛል። ከታች ያሉት ያለ ክፍያ ይሠራሉ፤ «መሬቱ የኔ ነው» ስለሚል። እኔም እሑድ እሑድ ኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ «እንደገና!» እል ነበር። ከፊቴ ያሉት ያለ ክፍያ ይሠሩ ነበር፤ ድርሰቱ የኔ ስለሆነ። ነገሩን እያጋነንኩ ሊመስላችሁ ይችላል። ጭሰኛውን መሬቱ አስሮታል፣ ጓደኛዬን ያሰረው ይሉኝታ ብቻ ነው፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ግን ይሉኝታም እኮ ገመድ ነው።

በነገራችን ላይ ኃይሌ በኋላ «ሳንኮፋ»ን በ1993 ሲጨርስ አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍልለት ድርጅት አላገኘም። ራሱ ሲኒማ ቤት እየተከራየ፣ ከተማ ለከተማ እየዞረ፣ የጥቁሩን ማኅበረሰብ እያስተባበረ አሳየው። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በፊልሙ ስም የተሰየመው የመጽሐፍና የቪዲዮ ቤት የዚያ ልፋት ተከታይ ነው። ይህም በ«በጀት» ሥር የማይጻፍ ወጪ ነው፤ ቀረጻው ካለቀ በኋላ የሚጀምር።

«ለበጀቱ ሲታይ»

አሁን ወደ እኛ ወደ ተመልካቾቹ። በትንሽ ገንዘብ የተሠራ የአገራችን ፊልም ሲወጣ የምንጽፋት አንድ ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ለበጀቱ ሲታይ ጥሩ ነው።» እኔም ጽፌያታለሁ። ደግነት ትመስላለች፤ ስድብ ናት። ተመልካቹ ሁለት ሰዓቱን በቅናሽ አይከፍልም። ምግብ ቤት ገብተን «ለሽንኩርቱ ዋጋ ሲታይ ወጡ ጥሩ ነው» አንልም።

እኔ በዚያች ዓረፍተ ነገር ፋንታ ሁለት ጥያቄ ብንጠይቅ እላለሁ። አንደኛ፦ የጎደለው ነገር ፊልሙ ውስጥ ሥራ አግኝቷል ወይስ ተደብቋል? ሮድሪጌዝ የጎደለውን ድምፅ ፍጥነት አደረገው፤ ኖላን የተዋሰውን ቤት ታሪክ አደረገው፤ በርኔት የሴራን አለመኖር ኑሮ አደረገው። ሸገርን ዱባይ ለማስመሰል በድሮን የሚታገል ፊልም ግን ድህነቱን ሊሸፍን ሲሮጥ ድህነቱ ብቻ ይታያል። ሁለተኛ፦ በገንዘብ ያልተከፈለው በምን ተከፈለ? በማን?

ሁለተኛው ጥያቄ የሥነ ምግባር እንጂ የሥነ ጥበብ አይደለም የሚል ይኖራል። እኔ እንጃ። 23 ጊዜ የተደገመውን የምሳ ትዕይንታችንን ስመለከት፣ ከ15ኛው በኋላ ያሉት ድግግሞሾች ላይ ድካሙ ይሰማል። የተዋናዮቹ ፊት ላይ አለ፤ የማይኩ ጥላ ግድግዳው ላይ እየወረደ ይታያል። ያልተከፈለው ነገር ምስሉ ውስጥ ገብቷል።

ሒሳቡ

12ኛው እሑድ ጓደኛችን አልመጣም። ደወልኩለት። የተከፈለበት የሠርግ ሥራ እንደያዘ ነገረኝ። «ስሜን ክሬዲቱ ላይ ማስገባትህን አልጠላሁም፤ ግን ክሬዲት አስቤዛ አይገዛም» አለኝ። እኔም እሱን ከመስማት ይልቅ ስለ ሮድሪጌዝ ልነግረው ጀመርኩ። ይህን ስጽፍ እንኳ ያፍረኛል። ዘጋው። በዚያው ቀረን፤ ፊልሙም፣ ወዳጅነቱም።

እነዚህን ፊልሞች አይቼ ስጨርስ ኤክስል ከፈትኩ። በሦስት ዓመት በፊቱ ዋጋ፣ በጥሬ ገንዘብ ያወጣነው 48,000 ብር ነው፤ ታክሲ፣ ምግብ፣ የመብራት ኪራይ፣ ሁለት ሃርድ ዲስክ። ጓደኛችን ያኔ ለአንድ ቀን የሠርግ ሥራ 6,000 ብር ይቀበል ነበር። በ11 ቀን 66,000 ብር። አንድ ሰው ብቻውን ከፊልሙ «በጀት» በላይ አውጥቷል ማለት ነው። የፊልሙ ትልቁ ፕሮዲዩሰር እሱ ነበር፤ ማንም ግን አልነገረውም፣ እሱንም አልጠየቀውም።

ሠንጠረዡን ላክሁለት። ከሁለት ቀን በኋላ መለሰ። ይቅርታ አደረግሁልህ አላለም። «ምሳውን ቀንሰህ ነው ሳትቀንስ?» ብቻ ነው ያለኝ።

ሳልቀንስ ነው። በየወሩ 5,500 ብር እየላክሁለት ነው፤ ዓመት ይፈጃል። ሁለተኛውን ባለፈው ሳምንት ላክሁ። ስለ ፊልሙ ገና አላወራንም።